ፈቃዱን ሳታይ ገንዘቧን አትስጥ

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የምትኖር እህትዎ፣ ቀለብ ሳይቆርጥ የተሰወረውን የልጆቿን አባት ለማፈላለግ የግል መርማሪ ልትቀጥር አስባ ይሆናል። በዚያ ክፍለ ግዛት ማንም ተነስቶ መርማሪ ነኝ ማለት አይችልም። ፈቃድ ሰጪው የመንግሥት ቢሮ አመልካቹ በምርመራ ሥራ 3 ዓመት፣ ይኸውም 6000 ሰዓት፣ በደመወዝ መሥራቱን ያረጋግጣል፤ በአሻራው የወንጀል ሪኮርዱን ያጣራል፤ በጽሑፍም ይፈትነዋል። በሕግ ወይም በፖሊስ ሳይንስ ዲግሪ ላለው 2 ዓመት ይበቃል። ፈቃድ ቢኖረውም ፖሊስ አይደለም፤ የሰው ስልክ ቢጠልፍ ወንጀል ነው።

ስለዚህ አስቀድማ የካውንቲውን የልጆች ቀለብ መሥሪያ ቤት ትጠይቅ፤ የጠፋ አባት ማፈላለግ ከሥራዎቹ አንዱ ነው። መርማሪ መቅጠር ግድ ከሆነባትም፣ የፈቃዱን ቁጥር ተቀብላ ከቢሮው መዝገብ ጋር ታመሳክር። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና ይህን ዛሬውኑ ይንገሯት።