ሃያ ደቂቃ ተናግሬ ያልጠየቅሁት ጥያቄ



ባለፈው ዓመት ረመዷን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከጀመዓችን አራት ልጆች ሆነን ጉዳዩ ወደሚመለከተው ቢሮ ገባን። ጥያቄያችን አንድ ነበር፤ ካፌው ለሱሑር ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲከፈትልን። እንዲናገር የተመረጠው እኔ ነበርኩ። ለምን እንደተመረጥኩ እስካሁን አይገባኝም፤ ምናልባት ቁርኣን ስቀራ ድምፄ ጎላ ስለሚል ይሆናል። ከረመዷን ትሩፋት ጀመርኩ። ስለ ጾም የጤና ጥቅም ተናገርኩ፤ ስለ እኩልነት ተናገርኩ፤ ሌላ ግቢ ስላሉ ወንድሞቻችን ተናገርኩ። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ኃላፊው ሰዓታቸውን አየት አድርገው «መልካም፣ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አምጡ» አሉን። ከበሩ እንደወጣን አንዱ ጓደኛዬ «ሰዓቱን እኮ አልነገርካቸውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ 9 ሰዓት ተኩል የሚለው ነገር ከአፌ አልወጣም። ደብዳቤው ተጽፎ መልስ እስኪመጣ የረመዷን የመጀመሪያ ሳምንት አለቀ። ያን ሳምንት ብዙዎቻችን ሱሑር ያደረግነው በቴምርና በውሃ ነው።

አንዳንድ ልጆች እስከ ዛሬ ቢሮውን ሲወቅሱ እሰማለሁ። እኔ ግን ቢሮውን ለመውቀስ ፊት የለኝም።

ከዚያ በኋላ ራሴን ደጋግሜ ጠየቅሁ፤ መናገር የት ተማርኩ? መድረሳ ውስጥ ኡስታዛችን ይቀራሉ፣ እኛ እንሰማለን፣ መልሰን እንቀራለን። በመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ መናገር የሚኒ ሚዲያ ልጆች ሥራ ነበር፤ ሌሎቻችን ሰልፍ ላይ ቆመን እናዳምጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ በድንገት ፕሮጀክት አቅርቡ፣ በሳምንታዊው ፕሮግራም ሙሐደራ አድርጉ ተባልን። ማንም «እንዲህ ነው የሚዘጋጀው» ብሎ አላሳየንም። ቢሆንም ከመድረሳ ባዶ እጃችንን አልወጣንም። ተጅዊድ የቀራ ሰው የት እንደሚቆም፣ የት እንደሚተነፍስ፣ ትርጉሙ የሚበላሽበት ቦታ ላይ መቆም እንደሌለበት ያውቃል። ቁርኣን ስንቀራ ወቅፍ እንጠብቃለን። ማይክ ስንይዝ ግን የሚያባርረን ሰው ያለ ይመስል ያለ ትንፋሽ እንሮጣለን።

የጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሐበሻ ምድር ላደግን ልጆች እንደ ቤታችን ወሬ ነው። እስቲ አንድ ጊዜ ደግሞ ንግግሩ እንዴት እንደተሠራ እንየው። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው፣ ዐምር ኢብኑል ዓስና ጓደኛው ከመካ የቆዳ ስጦታ ይዘው መጥተው፣ ንጉሡ ስደተኞቹን ሳያነጋግር አሳልፎ እንዲሰጣቸው በንጉሡ ዙሪያ ያሉትን አስቀድመው ለምነዋል። ሙስሊሞቹ ሲጠሩ መጀመሪያ ያደረጉት ተሰብስበው «ምን እንላለን?» ብሎ መመካከር ነው። ከዚያ ሁሉም አልተናገረም፤ ጀዕፈር ተናገረ።

ነጃሺ የጠየቀው ግልጽ ነበር፤ ሕዝባችሁን ጥላችሁ የያዛችሁት ይህ ሃይማኖት ምንድን ነው? ጀዕፈር መጀመሪያ የነበሩበትን አስቀመጠ፤ ጣዖት ማምለክ፣ ዝምድና መቁረጥ፣ ኃይለኛው ደካማውን መብላት። ቀጥሎ የተላከላቸውን መልእክተኛና (ሰ.ዐ.ወ) ያዘዛቸውን ነገር ተናገረ። ከዚያ ሕዝባቸው ያደረሰባቸውን በደል። መጨረሻ ላይ ጥያቄው መጣ፤ ከሌላው ሁሉ አንተን መርጠን መጣን፣ አንተ ዘንድ እንደማንበደል ተስፋ አለን። ድምፅ አውጥቼ በስልኬ ስለካው ሦስት ደቂቃ አልሞላም። የእኔ ሃያ ደቂቃ ነበር።

ነጃሺ ከወረደላችሁ ነገር አሰማኝ ሲለው ደግሞ ለክርስቲያን ንጉሥ የመረጠው የሱረቱ መርየምን መጀመሪያ ነው። ይህን ምርጫ ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል። ዘገባው ነጃሺ ጺሙ እስኪርስ እንዳለቀሰ ይነግረናል። በማግስቱ ዐምር ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) የሚሉትን ጠይቃቸው ብሎ ሲያስጠራቸው፣ ያላመኑበትን ተናግረው ንጉሡን ለማስደሰት አልሞከሩም፤ አላህ ያለውን እንላለን ብለው ተስማምተው ገቡ። ዝግጅት ማለት ሰሚው የሚወደውን ብቻ መናገር አይደለም።

አንድ ወንድም ይህን ሳነሳለት «ንግግር ማሳመር ሪያእ ውስጥ ይከታል» አለኝ። ስጋቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ አፋቸውን ሞልተው ለመታየት የሚናገሩ ሰዎች በሐዲስ ተወቅሰዋል። ግን የጀዕፈር ንግግር ውስጥ ጌጥ የት አለ? ሙሳም (ዐ.ሰ) በሱረቱ ጣሃ ከምላሱ ቋጠሮው እንዲፈታለት ሲለምን ምክንያቱን አብሮ ተናግሯል፤ ንግግሩን እንዲረዱለት ነው። እንዲያውም ሳይዘጋጁ የሦስት መቶ ሰው ሰዓት መውሰድ ለእኔ ከሪያእ ባልተናነሰ ያሳስበኛል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የሰውየው ሶላት መርዘምና ኹጥባው ማጠር የመረዳቱ ምልክት እንደሆነ መናገራቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ንግግራቸው ሊቆጥረው የፈለገ ሰው ሊቆጥረው በሚችል መልኩ እንደነበር ነግራናለች። በሚና የመሥዋዕቱ ቀን ንግግራቸው ላይ ደግሞ ይህ ወር ማን ነው ብለው ጠይቀው፣ ሶሓቦቹ ሌላ ስም ሊሰጡት ነው ብለው እስኪያስቡ ድረስ ዝም አሉ። እኛ ዝምታን ስለምንፈራ በ«እ...»ና በ«ማለት ነው» እንሞላዋለን።

አሁን ስዘጋጅ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ሰው ይዞልኝ እንዲሄድ የምፈልገውን አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። እሱ ካልተጻፈ ሌላ ምንም አልጽፍም፤ እኛ ዲፓርትመንት እንኳ ምን እንደሚሸከም ያልታወቀ ምሰሶ አይሳልም። ሰባት አያ ከመደርደር አንዷን ተፍሲሯን አይቼ እይዛለሁ፤ ሐዲስም ማን እንደዘገበው ሳላጣራ አላነሳም። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር በቃሌ እይዛለሁ፣ መካከሉን በግማሽ ወረቀት። ዶርም ውስጥ ቆሜ፣ ስልኬ ሰዓት እየቆጠረ፣ ለአንድ ጓደኛዬ እናገራለሁ፤ ሲያልቅ «ምን አልኩ?» እለዋለሁ። የመለሰልኝ ከጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ጋር ካልገጠመ እንደገና ነው። ደግሞ እባካችሁ «ዕውቀት የለኝም፣ ታዝዤ ነው» የሚለውን የአምስት ደቂቃ መግቢያ እንተወው።

ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ከእኛ መካከል ኪታብ ቀርተው የመጡ፣ እኔ አሥር ዓመት የማልደርስበት ዒልም ያላቸው ልጆች አሉ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በስልጥኛ ስለሆነ አማርኛቸው ሲሳቅበት ፈርተው ኋላ ይቀመጣሉ። ማይኩ ሁልጊዜ በእነዚያው ሦስት ወንድሞች እጅ ነው፤ ሁለቱ ዘንድሮ ይመረቃሉ። የሳቀው ማን እንደሆነ ደግሞ እናውቃለን፤ እኔም አንድ ቀን ስቄያለሁ፣ አላህ ይማረኝ። በእህቶች በኩል የተሻለ ሥርዓት እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ተናጋሪ የሚቀያየሩት በየሳምንቱ ነው አሉ። ከእነሱ ብንማር አያሳፍርም።

ለዳዕዋ ክፍሉ ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ሰው እንዳይሰለች ብለው ምክራቸውን በየሐሙሱ ብቻ ያደርጉ ነበር። እኛም ሐሙስ ከዐስር በኋላ ሦስት ሰው፣ ለእያንዳንዱ አምስት ደቂቃ፣ በፈለገው ቋንቋ። አንዱ ሰዓት ይይዛል፣ አንዱ የሰማውን መልሶ ይናገራል፤ የሚስቅ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ተናጋሪ ይሆናል። አሚራችን ፈቅዷል። በመጀመሪያው ሐሙስ ከሦስቱ አንዱ እኔ ነኝ፤ ርዕሴ የዘንድሮው የሱሑር ሰዓት ነው፣ ኢንሻአላህ ቁጥሩን በመጀመሪያው ደቂቃ እናገራለሁ። ሁለት ቦታ ባዶ ነው።