የመኪና ጥገና ሥልጠና ሒሳቡ የት ተጀምሮ የት ያልቃል?

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገራችን ብሂል። ብሂሉ የተነገረው ለቤተ ክህነት ሰው ቢሆንም፣ አሠራሩን ሳያውቅ የመኪና ሞተር ለሚፈታ እጅም ቢነገር ቦታውን አይስትም። በየከተማው የተሽከርካሪ ጥገና ሥልጠና ለሥራ ፈላጊው ወጣትና ከሠራዊት ለተሰናበተው ወገን እንደ አንድ የእንጀራ መንገድ ሲቀርብ ይታያል። ይህም የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሥልጠናው ሲነገር የሚሰማው ስንት ሰው እንደ ተመረቀ ብቻ ነው። ስንት ወጣበት? ስንት አስገኘ? ማን ከፈለ? ማንስ ተጠቀመ? እነዚህ ጥያቄዎች ከምረቃው ዕለት ጭብጨባ ጋር አብረው ይረሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሒሳብ ከየት ተጀምሮ እስከ የት መታሰብ እንዳለበት ማመልከት ነው።

በመጀመሪያ ሙያው ለሁላችንም ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እንመልከት። ኢትዮጵያ የባሕር በር ካጣች ወዲህ አብዛኛው የወጪና የገቢ ንግዷ የሚተላለፈው በጅቡቲ በኩል ነው። ከጅቡቲ ተነሥቶ በጋላፊና በሚሌ በረሃ አልፎ፣ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣውን የጭነት መኪና እናስብ። ከቆላው ሙቀት ወደ ደጋው ዳገት ሲወጣ ሞተሩ እጅግ ይፈተናል። ቀደም ሲል ቴስታታውን የገጠመው ሰው ብሎኖቹን በተራቸውና በልካቸው ካላጠበቃቸው፣ ጋርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ መኪናው ከመንገድ ዳር ይቆማል። ባለንብረቱ የሞተር ዋጋ ይከፍላል፤ ሾፌሩና ረዳቱ በረሃ ላይ ያድራሉ፤ ነጋዴው የዘገየበትን በዕቃው ዋጋ ላይ ይጨምራል፤ በመጨረሻም የጨመረውን ከኪሱ የሚያወጣው ሸማቹ የከተማ ነዋሪ ነው። ብልሽቱ የፍሬን ሲሆን ደግሞ የሚከፈለው ገንዘብ ሳይሆን ሕይወት ነው። ስለዚህ የሥልጠና ወጪ በዛ የሚል ሰው ካለ፣ ያለመሠልጠን ወጪ ከዚያ እንደሚበልጥና ሁሉም ሰው ሳያውቀው እንደሚከፍለው ይረዳ።

ሙያው ወደ አገራችን የገባበት መንገድ በመካኒኮቻችን አንደበት ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጥንትም ሆነ ዛሬ ብዙው መካኒክ የተማረው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ሳይሆን ከጋራዥ ጌታው ሥር ሆኖ፣ ዕቃ በናፍጣ እያጠበ፣ ቁልፍ እያቀበለና እያየ ነው። ይህ ትምህርት ነጻ ይመስላል። ዳሩ ግን ልጁ ያለ ደመወዝ ወይም በምሳ ብቻ የሚያሳልፋቸው ዓመታት ዋጋ ናቸው፤ ጌታውም ሥራውን አቁሞ የሚያሳይበት ሰዓትና ተማሪው የሚያበላሸው ዕቃ ዋጋ ነው። ልዩነቱ ማንም በመዝገብ አለመጻፉ ብቻ ነው።

በትምህርት ቤት የሚሰጠው ሥልጠናም እንዲሁ ስውር ወጪ አለው። በአገራችን የትብብር ሥልጠና በሚባለው ሥርዓት፣ ሠልጣኙ 70 በመቶ ያህሉን በተግባር፣ 30 በመቶውን በንድፈ ሐሳብ እንዲማር ታስቧል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መኪና በወረቀት ላይ አይጠገንምና። ነገር ግን ሠልጣኝ የተላከለት ጋራዥ ለሚያባክነው ጊዜ አንዳች ካሳ ካላገኘ፣ ሠልጣኙን ወለል ሲያስጠርግና ሻይ ሲያስመጣ ይከርማል። በመዝገብ ላይ ሰዓቱ ሞልቷል፤ በእጅ ላይ ግን ሙያ የለም። ለጋራዡ ባለሙያ ተከፍሎ ቢሆን የሚወጣው ገንዘብ፣ ሳይከፈለው ቀርቶ ከባከነው የሠልጣኙ ጊዜ ያንስ ነበር።

አሁን ሒሳቡን በምሳሌ እናስላ። አኃዞቹ ነገሩን ለማስረዳት የተመረጡ ናቸው እንጂ ከጥናት የተወሰዱ አይደሉም፤ አንባቢ በራሱ ከተማ ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። ለአንድ ሠልጣኝ የአንድ ዓመት ትምህርት 60 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። ሠልጣኙ ባይማር ኖሮ በቀን ሥራ በወር 5 ሺህ ብር ያገኝ ከነበረ፣ በዓመቱ 60 ሺህ ብር ቀርቶበታል፤ ይህም ወጪ ነው፤ የሚከፍለውም ቤተሰቡ ነው። ሲመረቅ የሚሰጠው የመሣሪያ ሣጥን 40 ሺህ ብር ቢያወጣ፣ ጠቅላላው 160 ሺህ ይሆናል። ባለ መሣሪያ መካኒክ ሆኖ ከቀን ሠራተኛው በወር 4 ሺህ ብር አብልጦ ካገኘ፣ ወጪው በ40 ወር ይመለሳል።

አንድ ቆጣቢ ኃላፊ ግን የመሣሪያውን ሣጥን ከበጀቱ ሰረዘ እንበል። ወጪው ወደ 120 ሺህ ወረደ፤ በሪፖርትም ቁጠባ ተብሎ ተመዘገበ። ተመራቂው ግን ቁልፍ የሌለው መካኒክ ነው። በሰው ጋራዥ በሰው ፒንሳ እየሠራ ድርሻውን ስለሚያካፍል፣ ከቀን ሠራተኛው የሚበልጠው በወር በ1 ሺህ ብር ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ወጪው የሚመለሰው በ120 ወር፣ ማለትም በ10 ዓመት ነው። 40 ሺህ ብር ለመቆጠብ ሲባል ሦስት ዓመት ከአራት ወር የነበረው ወደ 10 ዓመት ተራዘመ። ይህን ያህል ዓመት የሚታገሥ ቤተሰብ ጥቂት ስለሆነ፣ ወጣቱ ሙያውን ጥሎ ወደ ቀን ሥራው ይመለሳል።

ሙያውን የሚጥሉት ደግሞ የቀሩትን ያስወድዳሉ። ሃያ ሰዎች ገብተው አሥሩ ብቻ በሙያው ቢጸኑ፣ የአንዱ መካኒክ ዋጋ በዕቅድ ከተጻፈው እጥፍ ነው። ስለሆነም የሥልጠና ውጤት መቆጠር ያለበት በምረቃ ቀን ሳይሆን ከምረቃ ሁለት ዓመት በኋላ፣ እጁ በዘይት የጠቆረውን ሰው ፈልጎ በማግኘት ነው።

ሒሳቡን የሚያከብዱ ሁለት አዳዲስ ነገሮችም አሉ። የመጀመሪያው የምንዛሪ ለውጥ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መሣሪያም መለዋወጫም ከውጭ የሚገባ በመሆኑ፣ ሣጥኑን ከበጀት የመሰረዝ ፈተና በርትቷል። ሁለተኛው፣ መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ማስታወቁ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላም የሞተር ዘይት መቀየርም አይፈልግም። ይሁን እንጂ ፍሬን፣ መሪና ጎማ አለው፤ በተጨማሪም ባትሪው ከ300 ቮልት በላይ የሚይዝና ያላወቀውን ሰው የሚገድል ነው። ናፍጣ የሚጠጡት የጭነት መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት መንገዱ ላይ ስለሚቆዩ የድሮው ትምህርት አልሞተም። ሆኖም ዛሬ የሚገባ ሠልጣኝ የኤሌክትሪኩን ሳያውቅ ቢወጣ፣ ወጪውን ሳይመልስ ሙያው ሊያረጅበት ይችላል።

ይህ ጉዳይ ወታደሩን በቀጥታ ይነካዋል። በ1983 ዓ.ም. የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወደ ሲቪል ኑሮ ተመልሷል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ታጣቂዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ የያዘውን ዕቅድ በትግራይ ጀምሯል። ከእንዲህ ዓይነቱ ሠራዊት መካከል መለዋወጫ በሌለበት ሜዳ መኪና አስነሥቶ የነዳ፣ የሞተርን ሕመም በድምፁ የሚለይ ሰው አይታጣም። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን የምስክር ወረቀት ነው። ለእንዲህ ያለው ሰው ርካሹ ሥልጠና አንድ ዓመት በክፍል ማስቀመጥ አይደለም፤ በብቃት ምዘና አስፈትኖ፣ የጎደለውን ብቻ በጥቂት ሳምንት አሟልቶ፣ መሣሪያ አስይዞ ማሰማራት ነው። በጋራዥ ያደገው ረዳትም በዚሁ በር ሊገባ ይገባዋል።

«መሣሪያ ቢሰጣቸው በማግሥቱ ይሸጡታል» የሚል ተቃውሞ ይሰማል። የሚሸጥ መኖሩን አንክድም፤ የራበው ሰው የያዘውን ይሸጣል። መፍትሔው ግን ሁሉንም ባዶ እጅ መስደድ አይደለም። ሣጥኑን በብድር ሰጥቶ፣ በሙያው ላይ ለጸና ሰው በሁለተኛው ዓመት የራሱ ማድረግ ይቻላል። ውድ የሆኑትን መመርመሪያዎችና ማንሻዎች ደግሞ አምስት ስድስት ሆነው በማኅበር ሊይዟቸው ይችላሉ።

በጠቅላላው፣ የጥገና ሥልጠና ሒሳብ የሚጀምረው በትምህርት ቤቱ በጀት ሳይሆን ሠልጣኙ ትቶት በመጣው የቀን እንጀራ ነው፤ የሚያልቀውም በምረቃ ሳይሆን የመጀመሪያው ደንበኛ ረክቶ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ ያሰበ ፕሮግራም ሲታይ ውድ፣ ሲቆይ ርካሽ ይሆናል። ልጁን ወደ ሥልጠና የሚልክ አባትም ሆነ የሚመዘገብ ወታደር ከፊርማው በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ስንጨርስ በእጃችን ምን ይዘን እንወጣለን? መልሱ «ወረቀት» ብቻ ከሆነ፣ ሒሳቡ ገና አልተሠራም።