«ይገጥማል» ሲባል ማን ዋስ ይሆናል?

መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመሪ ዕቃ ፍለጋ የወረደ ሰው ከደላላው የሚሰማው መልስ «ይገጥማል!» የሚል ነው። ገንዘቡ ከተቆጠረ በኋላ ደግሞ በደረሰኙ ግርጌ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ያገኛል። ዕቃው ጋራዥ ደርሶ እምቢ ካለ ኪሳራው የገዢው ብቻ ነው። ይህ አሠራር ሊታረም ይገባዋል።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና ማቆየት ግድ ሆኗል፤ የተፈታ ዕቃ ፈላጊውም በዚያው ልክ በዝቷል።

ኮሮላን እንውሰድ። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ኮሮላ ከውጭ ሲያዩት አንድ ይመስላል። ነገር ግን ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው መሪውን የሚያቀልለት የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሆን፣ ለሌሎች ብዙ አገሮች የተሠራው በዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። የዘይቱ ራክ የቧንቧ መግቢያዎች አሉት፤ የሌላው የለውም። «የኮሮላ ነው» ተብሎ የተገዛ ራክ ተመልሶ መደርደሪያ የሚያሞቀው ለዚህ ነው።

የቪትዝ ባለቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የጃፓን መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ ዱባይ ላይ ወደ ግራ ተዛውሮለት እኛ ዘንድ የደረሰው ጥቂት አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና ላይ የተገጠመው ራክ ከየት እንደመጣ ሊብሬው አይነግረንም። የሻንሲ ቁጥር ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው ሊሳሳት ይችላልና አሮጌውን አስፈትቶ ይዞ መሄድ ይበጃል።

አሮጌው በእጅ ካለ ማመሳከሩ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኝቶ ርዝመታቸውንና የማሰሪያ ቀዳዳዎቻቸውን ርቀት መለካት፣ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያያዘውን ጥርስ መቁጠር፣ ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንደሚዞሩ ማወዳደር፣ የአሮጌውን ዳዶ በአዲሱ ጫፍ ላይ በእጅ መሞከር ነው። የላስቲክ ሽፋኑን ገለጥ አድርጎ ውስጡ ዘይት መኖር አለመኖሩን ማየትም አይከፋም። የመሪው ዘንግ ከሆነ የሚገዛው፣ ብዙዎቹ በግጭት ጊዜ እንዲያጥሩ ሆነው የተሠሩ ናቸውና ከተጋጨ መኪና የተፈታ እንዳይሆን ርዝመቱን ማስተያየት ይገባል። ቴስቲኒ ግን ያገለገለ መግዛት ቁጠባ አይባልም፤ ሲፈታ መኪናው ከመሪ ውጪ ነው።

«ርካሽ የሆነው ዋስትና ስለሌለው ነው» የሚል ነጋዴ ግማሽ እውነት አለው። ያገለገለ ዕቃ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ማንም ሊምል አይችልም። ዕቃው ከየትኛው መኪና እንደተፈታ ግን ከገዢው ይልቅ ሻጩ ያውቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጩን ዕቃው በውሉ ለታሰበው አገልግሎት እንዲሆን ዋስ ያደርገዋል፤ ገዢውም መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ችግሩ «የመሪ ሳጥን 1» ተብሎ የተቆረጠ ደረሰኝ ለየትኛው መኪና እንደተገዛ ስለማይናገር፣ ገዢው ተከራክሮ የሚያስረዳበት የለውም። የመኪናው ሞዴል፣ የተሠራበት ዓመትና የሻንሲ ቁጥሩ ከደረሰኙ ጀርባ በእስክሪብቶ ቢጻፍ ለሻጩ የሚጨምርበት ወጪ የለም።

ደላላውም «ይገጥማል» ያለው እሱ ከሆነ ኮሚሽኑን ዕቃው ታስሮ መኪናው ከተሞከረ በኋላ ይቀበል። ያን ጊዜ አፉ ቆጠብ ይላል ብለን እንገምታለን።

ነጋዴው እመልሳለሁ ለማለት የሚፈራው ገዢው የራሱን አሮጌ ዕቃ ለውጦ እንዳያመጣበት ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ከመሸጡ በፊት በዕቃው ገላ ላይ በቀለም ምልክት አድርጎ፣ ምልክቱን በደረሰኙ ላይ አስፍሮ፣ ለሦስት ቀን ያህል ቢታገሥ ግን የሚለወጥበት ዕቃ አይኖርም፤ ጋራዦችም ደንበኞቻቸውን ወደ እሱ ሱቅ መላክ ይጀምራሉ።