ሽልማቱን አየን፤ ጣቶቹንስ?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶርቲ ሆጅኪን የኬሚስትሪ ኖቤል ስትሸለም፣ አንድ የእንግሊዝ ጋዜጣ በርዕሱ ያስተዋወቃት የኦክስፎርድ የቤት እመቤት አድርጎ ነው። እኛ ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች በዚህ ርዕስ እንናደዳለን፤ ልክም ነን። ግን እስቲ እኛ ብንሆን ምን እንጽፍ ነበር? ፔኒሲሊን፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ሽልማት። በቃ። የእጅ ሥራውን ማን ያነሳዋል?

ሥራው እኮ እንዲህ ነው። ከጨው ቅንጣት የምታንስ ክሪስታል በቀጭን የመስታወት ዘንግ ጫፍ ላይ በጥቂት ሙጫ ትለጠፋለች። ዘንጉ ጎኒዮሜትር በሚባል መሣሪያ ላይ ይተከላል፤ መሣሪያው ወደ ጎን የሚገፉና የሚያዘነብሉ ብሎኖች አሉት። ከዚያ ማዞር ነው። ክሪስታሏ ስትዞር ከመሃል ፈቀቅ ካለች ከኤክስሬዩ ጨረር ትወጣለች። መሃል ላይ ሆና ዘንበል ካለች ደግሞ ፊልሙ ላይ በመስመር መሰለፍ የነበረባቸው ነጠብጣቦች ይንጋደዳሉ። ብሎኑን ነካ ማድረግ፣ ማዞር፣ በአጉሊ መነጽር ማየት፣ እንደገና ነካ ማድረግ። አንድ ፎቶ ለማንሳት ሰዓታት ይፈጃል፤ አቀማመጧ የተበላሸ ክሪስታል እነዚያን ሰዓታት ሙልጭ አድርጋ ትበላለች።

የፕሮቲን ክሪስታልማ ይብሳል። ካደገችበት ፈሳሽ ወጥታ ከደረቀች ውስጧ ይዘበራረቃል። በርናልና ሆጅኪን በ1934 የፔፕሲን ክሪስታልን ጥርት ያለ ምስል ያገኙት ከነፈሳሹ በቀጭን የመስታወት ቱቦ አሽገው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት ከ24 ዓመቷ ጀምሮ የመገጣጠሚያ ሕመም የያዛት ናት። ጣቶቿ በጊዜ ብዛት ተጣመሙ። የኢንሱሊንን የመጀመሪያ ፎቶ በ1935 አንስታ፣ ቅርጹ የታወቀው በ1969 ነው፤ 34 ዓመት መሆኑ ነው! ቀራጺው ሄንሪ ሙር ነገሩ የገባው ይመስለናል፤ በ1978 የሳለው እጆቿን ነበር።

ዛሬ ክሪስታሏን መሃል ላይ የሚያስቀምጣት ሞተርና ካሜራ ነው፤ በትላልቆቹ ማዕከላት ሮቦትም አለ። ስለዚህ የእጅ ነገር አበቃ የሚሉ አሉ። አንስማማም። በማይክሮስኮፕ እያየ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ክሪስታሏን ከጠብታው ውስጥ በትንሽዬ ቀለበት አጥምዶ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ የሚነክራት ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ተማሪ ነው፤ ስሙም ዜናው ውስጥ አይገባም።