«ልጄ ኤጀንሲ ገባች»

ባለፈው እሑድ እኅቴ ቤት ቡና ተጠርቼ ሄጄ ነበር። ገና ሁለተኛው ሳይቀዳ ጎረቤቶቿ ከበው ሲያጽናኗት ደረስሁ። ምን ደረሰባት ብዬ ብጠይቅ፣ ሎንዶን ያለችው ልጇ ከቋሚ የሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ «ኤጀንሲ ገባች» አለችኝ፤ ድምፅዋ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ነበር።

አንባቢዎቼ እንደምታውቁት በእኛ ከተማ ኤጀንሲ ሲባል በሰው ልብ የሚመጣው ወይ ጥበቃ የሚያቀርበው ድርጅት፣ ወይም ልጃገረዶችን ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚልከው ቢሮ ነው። ልጇን ነርስ ትሁንልኝ ብላ ያስተማረች እናት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። እኔም ነገሩን በቅጡ አላውቀውም ነበርና ያኑ ዕለት ማታ ለልጅቱ ስልክ ደወልሁላት።

«ጋሼ፣ እማዬን ያስደነገጣት ስሙ ነው» አለችኝ እየሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝ አገር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ ሕዝቡን የሚያክም የመንግሥት የጤና አገልግሎት አለ። ከሆስፒታሉ ነርሶች አንዷ ስትታመም ወይም ለቦታው ሰው ሲጠፋ፣ በመጀመሪያ የሆስፒታሉ የራሱ ተጠባባቂዎች ይጠየቃሉ። እነዚህን «ባንክ» ይሏቸዋል፤ ገንዘብ ከሚቀመጥበት ባንክ ጋር ግን ዝምድና የለውም። እነርሱ ካልተገኙ ለኤጀንሲ ይደወላል፤ ኤጀንሲውም በእጁ ካሉት ነርሶች አንዷን ይልካል። ሒሳቧን የምትቀበለው ከኤጀንሲው ነው እንጂ በሙያዋ ከቋሚዎቹ አታንስም፤ ስሟ ከእነርሱው ጋር በአንድ መዝገብ ላይ ነው። ከመዝገቡ እንዳትሰረዝም እንደ እነርሱ በየ3 ዓመቱ ቢያንስ 450 ሰዓት መሥራቷንና 35 ሰዓት ትምህርት መከታተሏን ማስረዳት አለባት።

የእኅቴ ልጅ ቋሚውን የተወችው ትንሽ ልጅ ስላላት ነው። ባለቤቷ የሌሊት ሠራተኛ ነው፤ ቋሚ ሳለች የተራዋን ሰሌዳ ሌላ ሰው ያወጣላት ነበር። አሁን የሚመቻትን ቀን ራሷ ትመርጣለች።

ይሁን እንጂ ይህ ምርጫ ዋጋ አለው። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገብታ ምሽት በ2 ሰዓት ትወጣለች። የምትገባበት ክፍል ግን ትናንት ከነበረችበት የተለየ ነው። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ አታውቅም። የበሽተኛ ልብ ቢቆም ለእርዳታ የሚደወልበት የውስጥ ስልክ ቁጥር በየሆስፒታሉ 2222 ነው፤ የእርዳታው ዕቃ ያለበት ጋሪ የቆመበት ቦታ ግን በየክፍሉ ይለያያል። ስለዚህ ትንሽ ደብተር በኪሷ ይዛ ትዞራለች፤ ርክክቡ እንዳለቀ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጋሪውን ነው፤ ሽንት ቤቱን ቀጥሎ።

አንድ ሌሊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ የተራው ኃላፊ መድኃኒት በደም ሥር በሚያስገባ መሣሪያ እንድትሰጥ አዘዘቻት። የመሣሪያው ዓይነት ከዚያ በፊት ያልሠለጠነችበት ነበር። የሙያ ደንባቸው ነርስ ከችሎታዋ ወሰን እንዳታልፍ ያዛል፤ እርሷም «አልችልም፣ የሚችል ሰው ይጠራልኝ» አለች። ኃላፊዋ ፊቷን አጠቆረችና ራሷ ሰጠችው። በማግሥቱ ኤጀንሲው ደውሎ «ያ ክፍል አንቺን እንዳንልክ ጠይቋል» አላት፤ አስቀድሞ የተያዘላት የ3 ቀን ሥራም ተሰረዘ። ቋሚ ብትሆን ኖሮ በዚህ የተነሣ ከደመወዟ አንድ ሳንቲም አይጎድልም ነበር።

«ታዲያ ዳግመኛ ቢያዙሽስ?» ብላት፣ «እምቢ ነው እንጂ፣ ጋሼ! በሽተኛው ቢሞትብኝ ኤጀንሲው አብሮኝ ይቆማል ብለው ነው?» አለችኝ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ጎረቤቶቻችን የሰዓቱን ክፍያ በወሩ ሰዓት አባዝተው፣ ያንንም በብር መንዝረው ልጅቱን ባለጸጋ አድርገዋታል። በዚያ ስሌት ውስጥ ያልገባው ብዙ ነው። ላልሠራችበት ቀን ክፍያ የለም። የዓመት ዕረፍቷ ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓቱ ክፍያ ጋር ተደምሮ ይሰጣታል፤ ስለዚህ ካላስቀመጠችው ዕረፍት ስትወጣ ባዶ እጇን ነው። ለቋሚዎቹ የተዘረጋው የመንግሥት ጤና ሠራተኞች ጡረታም በኤጀንሲ ለምትሠራ አይደርሳትም። በአውሮፓ 2011 ዓ.ም. የጸና ሕግ በአንድ አሠሪ ዘንድ በአንድ ሥራ ላይ 12 ሳምንት የቆየ የኤጀንሲ ሠራተኛ ከቋሚው እኩል እንዲከፈለው ያዛል፤ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ለምትዘዋወር ግን ያ 12 ሳምንት ሞልቶ አያውቅም።

(መቼም እኅቴ ልጇን «ሲስተር» ብላ ስታስተዋውቅ ደስ ይላታል። በእንግሊዝ ሆስፒታል ሲስተር የሚባለው የክፍሉ የነርሶች አለቃ ነው። ልጅቱ እዚያ በሄደች ሰሞን አንዱ ያገራችን ሰው በሰው ፊት «ሲስተር» ቢላት፣ እውነተኛዋ ሲስተር ዘወር ብላ አየቻት።)

ይህን ያነበቡ ወጣት ነርሶች አሁኑኑ እንሂድ እንዳይሉ አንድ ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ አጥሮባቸዋል ካላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ በእንግሊዝ መንግሥት ደንብ መሠረትም አሠሪም ሆነ ኤጀንሲ ከእንዲህ ያለ አገር ነርስ ሊመለምል አይፈቀድለትም። ነርሷ ራሷ በቀጥታ ብታመለክት ግን የሚከለክላት የለም። ሥራ አገኝልሻለሁ ብሎ ከሥራ ፈላጊ ገንዘብ መቀበልንም የአውሮፓ 1973 ዓ.ም. ሕጋቸው ይከለክላል። ስለሆነም አዲስ አበባ ተቀምጦ «ይህን ያህል ክፈይ፣ ሎንዶን ሆስፒታል አስገባሻለሁ» የሚልሽን ሰው በሩን አሳይው። ደግሞም በአሠሪ ስም በተሰጠ ቪዛ የገባች ነርስ ከዚያው አሠሪ ጋር ትቆያለች እንጂ ኤጀንሲን ዋና ሥራዋ ማድረግ አትችልም። የእኅቴ ልጅ ይህን የቻለችው የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ካገኘች በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ በዝርዝር ነገርኋት። ጸጥ ብላ አዳመጠችኝና፣ «ታዲያ ምሳዋን ከማን ጋር ትበላለች?» አለችኝ።

እንዲያ ብዬ አልጠየቅኋትም ነበር። ያ ሕግ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የሠራተኞቹ ምግብ ቤት ለኤጀንሲዋም ክፍት እንዲሆን እንደሚያዝ አውቃለሁ፤ እኅቴ የጠየቀችኝ ግን ይህን አይደለም። ማታ እንደገና ደወልሁ።

«ክፍሉ አዲስ ሲሆን ብቻዬን ነው» አለችኝ ልጅቱ፤ «ሦስተኛ ጊዜ ስመለስ ግን አንዷ ወንበር ትስብልኛለች። ለእማዬ ሦስተኛውን ብቻ ይንገሩልኝ።»