አቦ፣ አንድ እሑድ ያለ ጭነት!

ከድሬዳዋ እስከ ቶጎ ውጫሌ ያለውን መንገድ ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም እንላለን። ኬላው የት እንደሆነ፣ ጎሚስታው የት እንዳለ፣ ደንገጎ ላይ ጉም ሲወርድ በስንተኛው ማርሽ እንደሚኬድ እናውቃለን። ምን እንደሚበላበት ግን አናውቅም። ስንት ዓመት ባቢሌን እየሰነጠቅን አልፈን፣ ልጆቻችን ዛሬም ለውዝ ዛፍ ላይ የሚበቅል ይመስላቸዋል። እሑድ ሲመጣ ሆቴል ወስደን፣ አዲስ አበባ የሚበላውን በአዲስ አበባ ዋጋ እናበላቸዋለን። ያሳፍራል!

ሰበቡን እናውቀዋለን። የመጀመሪያው «ነዳጅ ተወዷል» የሚለው ነው። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ባቢሌ ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትጨምር ነው። ደርሶ መልሱ 200 አይሞላም። ለአንድ ቦንዳ ልብስ ብለን ውጫሌ ድረስ ስንመላለስ ነዳጁ የማን ነበር?

በማለዳ ውጡ። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ፤ ለልጆቹ ሹራብ ያዙ። ሐሮማያ ላይ ቆም በሉና ደርቆ የነበረውን፣ ውሃው የተመለሰለትን ሐይቅ አሳዩአቸው። ሐረር ስትደርሱ መኪናውን ከጀጎል ውጭ አቁማችሁ በእግር ግቡ። ቁርስ ፈጢራ ይሁን፣ ከምጣዱ እንደወረደ። ከዚያ ቁጢ ጠጡ። ለልጆቹም ንገሯቸው፦ የሐረር ቡና ፍሬው ለገበያ ይወጣል፣ ያመረተው ገበሬ ቤት የሚፈላው ብዙ ጊዜ ቅጠሉና ገለባው ነው። ነጋዴ አባት ያላቸው ልጆች ይህን ከመጽሐፍ ሊሰሙት አይገባም።

ባቢሌ ስትደርሱ ለውዙን ግዙ፤ አዲስ አበቤ ኦቾሎኒ የሚለውን ማለታችን ነው። በጥቅምትና በኅዳር ከሄዳችሁ ገና ከአፈር የወጣውን ከነቅርፊቱ ታገኙታላችሁ። ከተማ ከርሞ ከሚሸጠው ጋር አንድ አይደለም። ጅግጅጋ ሩቅ ናት፤ ለሌላ እሑድ ትቆይ።

ሁለተኛው ሰበብ ከበድ ይላል፦ «ሥጋው አይሆነንም»። ሥጋ በእምነት እንደሚለይ፣ የግመሉም ነገር እንዲሁ እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ ማንም እምነቱን ይጣስ አንልም። ግን ሥጋ አለመብላት አብሮ አለመቀመጥ የሆነው መቼ ነው? ለሶማሌው፣ ለኦሮሞው፣ ለሐረሪው ሸሪካችን ያለ ወረቀት፣ በቃል ብቻ፣ የአንድ መኪና ዕቃ በዱቤ እንሰጣለን፤ እሱም ይሰጠናል። የልጆቹን ስም ግን አናውቅም። ቤቱ ቁጭ ብለን አንድ ስኒ ጠጥተን አናውቅም። ቁጢው ሥጋ የለበትም። ለውዙ፣ ማንጎው፣ ዘይቱኑ፣ ጊሽጣው ሥጋ የለባቸውም። ገበያ ሲበላሽ፣ ወሬ ሲናፈስ፣ ዕቃ ሲያዝ፣ በስልክ ቁጥር ብቻ የምናውቀው ሰው ስልኩን ላያነሳ ይችላል። ልጆቻችን ከልጆቹ ጋር ለውዝ የፈለፈሉለት ሰው ያነሳል።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት። ባለፈው ዓመት ከእኛ አንዱ ልጆቹን «ሽርሽር» ብሎ ይዞ ወጣ፤ ከኋላ ወንበር ሥር ሁለት ካርቶን ነበር። ኬላ ላይ ግማሽ ቀን ቆመው፣ ልጆቹ ብስኩት በልተው ተመለሱ። ሽርሽር ካላችሁ ሽርሽር ይሁን፤ ካርቶኑን ለሰኞ ተዉት። ደግሞም ለውዝ በጣሳ ከምትሸጥ እናት ጋር ጫማ በጅምላ እንደምንገዛ አንከራከር። እዚህ ከተማ በእጥፍ ስንገዛው ዝም እንላለን፤ እሷ ጋ ስንደርስ ነው ነጋዴነታችን ትዝ የሚለን?

ስለዚህ የፊታችን እሑድ፣ አቦ፣ መኪናውን ባዶ አድርጉና ቤተሰቡን ጫኑ። ከመውጣታችሁ በፊት ለሸሪካችሁ ደውሉለት፤ ስለ ዕቃ ሳይሆን «ልጆቹን ይዤ እየመጣሁ ነው» ለማለት። ደንገጎን በጨለማ አትውረዱ፤ ሳይመሽ ተመለሱ።