የሰው ወርቅ አያደምቅ

ገበጣ የሚጫወት ሰው በመሬት ላይ የተማሱ ጥቂት ጉድጓዶችና አንድ እፍኝ ጠጠር ካገኘ ጨዋታው የራሱ ነው። ማንም ከሩቅ ሆኖ ጠጠሩን ሊያተንንበት አይችልም። የቪዲዮ ጨዋታም ቢሆን ለብዙ ዘመን ከዚህ ሥርዓት እምብዛም አልራቀም ነበር። ገዢው በካርትሪጅ ወይም በዲስክ የተቀረጸውን ጨዋታ ከሱቅ ገዝቶ ቤቱ ያስገባል፤ ለወዳጁ ያውሰዋል፤ ሲሻው ይሸጠዋል፤ ለልጁም ያወርሰዋል። ዛሬ ግን ይህ ቀላል መብት፣ በሥልጣኔ ስም፣ ከተጫዋቹ እጅ እየተነጠቀ ይገኛል።

ነጣቂው «የደመና ጨዋታ» የተሰኘው የንግድ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት ጨዋታው የሚሠራው በተጫዋቹ ቤት ሳይሆን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ትእዛዙ በኢንተርኔት ወደ ሩቁ ማዕከል ይሄዳል፤ ምስሉም እዚያው ተሠርቶ እንደ ፊልም ይመለስለታል። በእጁ የሚቀር አንዳች ነገር የለም። እንግዲህ ደመና የተባለው ስሙ እንጂ ግብሩ አይደለም፤ ባለቤት ያለውና ባለቤቱ በፈለገ ቀን የሚያጠፋው የሌላ ሰው ኮምፒዩተር ነው። ጭሰኛ እንኳ የሚያርሰውን መሬት በእግሩ ይረግጠው ነበር። የደመናው ጭሰኛ ግን የሚረግጠውም የለው።

የሥርዓቱ ጠበቆች፣ ውድ ኮምፒዩተር ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በስልኩ ታላላቅ ጨዋታዎችን እንዲጫወት አስችለነዋል ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ይሁንና ከመሣሪያ ወጪ የዳነው ሰው ፈጣንና የማይቋረጥ መስመር ይጠየቃል። የጉግል ስታዲያ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋቢት፣ ለከፍተኛው የምስል ጥራት ደግሞ 35 ሜጋቢት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 በ14 አገሮች ሲከፈት ከአፍሪካ አንድም አገር አልነበረበትም። ለድኻው ተዘረጋ የተባለው ማዕድ በመጀመሪያ የቀረበው ለጠገበው ነበር።

ኪራይ በራሱ ነውር የለበትም። ተከራይቶ የሚጫወት ሰው መከራየቱን ካወቀ ማንም አላታለለውም። ነውሩ ኪራዩን «ግዛ» ብሎ መጥራት ነው። ስታዲያ ጨዋታዎችን በሙሉ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥር 18 ቀን 2023 ግን ተዘጋ። ኩባንያው ለጨዋታ ግዢ የተከፈለውን ገንዘብ መመለሱ እውነት ነው፤ ይህም ሊመሰገንለት ይገባል። ለመሆኑ ገንዘቡ ከተመለሰ ምን ጠፋ? የጥበብ ሥራው ጠፋ! ለስታዲያ ብቻ የተሠራው «አውትካስተርስ» የተባለው ጨዋታ ከሰርቨሩ ጋር አብሮ ሞተ። ሠዓሊ፣ ደራሲና ሙዚቀኛ የደከሙበት ሥራ አንድ ማብሪያና ማጥፊያ ሲነካ ዳግም የማይታይ ከሆነ፣ ይህ የንግድ ኪሳራ ብቻ ሊባል አይችልም።

ዲስክ በእጁ ያለውስ ድኗልን? የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጨዋታ ሸጠ፤ በ2024 መጋቢት መጨረሻ ላይ ሰርቨሩን ዘጋ። ዲስኩ በገዢው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ችግሩ ደመናው ብቻ ሳይሆን ጨዋታውን ከባለ ኩባንያው ፈቃድ ጋር ያሰረው ገመድ ጭምር ነው።

ገመዱን መፍታት እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። ሲዲ ፕሮጄክት የተባለው የፖላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 የከፈተው ጂ.ኦ.ጂ. የተሰኘ መደብር ጨዋታዎችን ያለ ዲጂታል ቁልፍ ይሸጣል። ገዢው የመጫኛውን ፋይል በራሱ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይጫወታል። በሕግ ቋንቋ እርሱም የተሰጠው ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን መደብሩ ነገ ቢዘጋ ፋይሉ ከእጁ አይወጣም። እርግጥ ነው፣ ይህ ነፃነት ኃላፊነትን ያስከትላል፤ ፋይሉን በሁለተኛ ዲስክ ላይ ያልገለበጠ ሰው በራሱ ስንፍና ሊያጣው ይችላል።

ቁልፉ የጥበብ ሠራተኛውን እንጀራ ከሌባ ይጠብቃል የሚሉም አሉ። የከያኒው እንጀራ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ያው የፖላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን «ዘ ዊቸር 3» በዚህ መደብር ያለ ቁልፍ ሸጦታል፤ ጨዋታው እስከ 2023 በየመሣሪያው ከ50 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ያለ ቁልፍ የቀረበው ቅጂ ሠሪዎቹን ለረኀብ አልዳረጋቸውም።

ሕግም ልዩነቱን ማየት ጀምሯል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ሕግ፣ ሻጭ ፈቃድን እየሰጠ «ግዛ» የሚል ከሆነ እውነቱን ለገዢው በግልጽ እንዲነግር ያስገድዳል። ገዢው አውርዶ ለዘለቄታው ሊይዘው የሚችለውን ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። በአውሮፓም የተሸጡ ጨዋታዎች እንዳይገደሉ የሚጠይቅ የዜጎች አቤቱታ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባስቧል።

የጥበብ ሥራ ከዘመን ወደ ዘመን የሚሻገረው በብዙ እጅ ሲያዝ ነው። የብራና መጽሐፍ በአንድ ደብር ቢቃጠል በሌላው የተገለበጠው ይተርፋል። ብቸኛ ቅጂው በአንድ ነጋዴ ሣጥን የተቆለፈበት ሥራ ግን ከነጋዴው ዕድሜ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የተካሄደ አንድ ጥናት ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አረጋግጧል። ይህ ጥፋት የደረሰው ሥራዎቹ በዲስክና በካርትሪጅ በነበሩበት ጊዜ ነው። ቅጂ የሌለው የደመና ዘመንማ ምን ሊያስቀር ነው?

ስለሆነም ተጫዋቹ ከመክፈሉ በፊት፣ መምህሩም ተማሪውን ከማስተማሩ በፊት፣ ከያኒውም ሥራውን ለሻጭ ከማስረከቡ በፊት አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ ሻጩ ነገ በሩን ቢዘጋ በእጅ የሚቀረው ምንድን ነው? መልሱ «ምንም» ከሆነ የተከፈለው ገንዘብ ኪራይ ነው፤ ስሙም ኪራይ ይባል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በደመና ላይ የተሰቀለማ ከነጭራሹ አይጨበጥም።